አሮጌዎቹ ራቭ ፎርና ቪታራ ቤንዚን የሚበሉት የት ላይ ነው?

መንግሥት በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገብቶ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዋጋው እየተደራረበ ጨመረና በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ። በመካከሉ በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይፋ ሆነ። የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ያልቻለ ሰው እንግዲህ ያለችውን መኪና ይዞ ይቆያል። ያለችው መኪና ደግሞ ብዙ ጊዜ ሃያና ሃያ አምስት ዓመት ያስቆጠረች ራቭ ፎር፣ ቪታራ ወይም ተመሳሳይ አነስተኛ የመስክ መኪና ናት።

በዚህ መሀል ምክሩ በዝቷል። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ማውጣት፣ በጠዋት መቅዳት፣ ፊልትሮ መቀየር፣ ቴርሞስታት ማስወጣት፣ ታንከሩ ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽ መግዛት ይመከራል። አንዳንዱ ለካርቡራተር (ቤንዚንን ያለ ኮምፒውተር ከአየር ጋር ቀላቅሎ ወደ ሞተሩ ለሚያስገባው የድሮ ዕቃ) ዘመን ትክክል ነበር፤ አንዳንዱ ምንም አያመጣም፤ ቴርሞስታት ማስወጣትን የመሰለው ደግሞ ፍጆታውን ራሱ ይጨምራል። በተለይ አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ ከውጭ የተቀዳ ምክር እንዳለ አይሠራም።

ፍጆታን መለካት

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ልኬት የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ትውልድ ባለ አራት ጎማ ጉልበት አውቶማቲክ ራቭ ፎር ፍጆታ በሊትር 9 ኪ.ሜ. አካባቢ ያደርገዋል። ይህ ከተማና አውራ ጎዳና የተቀላቀለበት ነው። በአዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ ወደ 7 ወይም 8 መውረዱ ሊያስደነግጥ አይገባም። 5 ወይም 6 ከሆነ ግን የአነዳድ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ብልሽት አለ ማለት ነው።

ልኬቱ እንዲታመን የማደያው አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ «ቀጭ» ብሎ እስኪዘጋ ሞልቶ ማቆም ያስፈልጋል። ሂሳቡን ለማጠጋጋት መጨመር የለም። የተጓዙበትን ኪሎ ሜትር መዝግቦ ቢያንስ 300 ኪ.ሜ. ነድቶ፣ ከተቻለ በዚያው ማደያ በዚያው መቅጃ እንደገና መሙላት፣ ከዚያ ኪሎ ሜትሩን በገባው ሊትር ማካፈል ነው። የአንድ ጊዜ ውጤት አሳሳች ስለሆነ የሦስት ሙሊት አማካይ ይወሰድ። የ500 ብር እየቀዱ በጠቋሚው መርፌ መፍረድ ልኬት አይደለም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሰል የዲጂታል መንገድ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ የተከፈለው ብር በቀኑ ዋጋ ሲካፈል ሊትሩ ይወጣል፣ መዝገቡም ስልኩ ውስጥ አለ።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ጎማ። ብዙ ራቭ ፎሮች ከፋብሪካ የወጡት በ215/70 ባለ 16 ጎማ ነው። ከፍ እንድትል ተብሎ 235/70 ሲገጠም የጎማው ዙሪያ በ4 በመቶ ያህል ይጨምራል። ያኔ ቆጣሪው 100 ኪ.ሜ. ሲል መኪናዋ 104 ሄዳለች፣ ስለዚህ በወረቀት ላይ ከእውነተኛው በላይ የበላች ትመስላለች። እርግጥ የትልቁ ጎማ ክብደትና የማርሹ መርዘም ከተማ ውስጥ የራሳቸው ዋጋ አላቸው።

ቴርሞስታት የሌለው ሞተር

ቴርሞስታት በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል የሚቀመጥ፣ በውስጡ ባለ ሰም መቅለጥ የሚከፈት ትንሽ በር ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ይዘጋል፤ በቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ጀምሮ 95 ላይ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። በየጋራዡ «መኪናዋ ሞቀች» ሲባል የመጀመሪያው መፍትሔ ይህንን በር አውጥቶ መጣል፣ ሁለተኛው ፋኑን ቁልፍ እንደተከፈተ እንዲዞር በቀጥታ ማገናኘት ሆኖ ቆይቷል።

መካኒኩ የሚፈራው ነገር እውነተኛ ነው። ተዘግቶ የቀረ ቴርሞስታት በደቂቃዎች ውስጥ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ያጣምማል፤ ጥራት የሌለው ዕቃም ገበያ ላይ ሞልቷል። የችግሩ ምንጭ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው፤ ከከፍታው ጋር የተያያዘም ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጤነኛ ሞተር የሚሠራበት ሙቀት ከ85 እስከ 95 ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቆመ፣ ውስጡም ኩላንት ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ብቻ ካለ፣ ሞተሩ በጤናው ሙቀት ላይ እያለ ውሃው ይፈላል። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ግን ያንኑ ውሃ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ እስከ 115 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ያቆየዋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ሆኖ ሳለ ቅጣቱ ቴርሞስታቱ ላይ ያርፋል።

ቴርሞስታትን በድስት ውሃ አፍልቶ መፈተሽም በዚሁ ከፍታ ምክንያት ያሳስታል። ውሃው ከ92 ስለማያልፍ ለ95 የተሠራው በር ሙሉ በሙሉ ላይከፈት ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም። ሊታይ የሚገባው ከ80 እስከ 84 ባለው መካከል መከፈት መጀመሩና ሲቀዘቅዝ ተመልሶ መዘጋቱ ነው።

በሩ ሲወጣ ቤንዚኑ ለምን ይጨምራል? የሞተሩ ኮምፒውተር ምን ያህል ነዳጅ እንደሚረጭ የሚወስነው በከፊል የውሃውን ሙቀት በሚያነብ ሴንሰር ነው። የአዲስ አበባ ጠዋት ላይ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በአጭር ጉዞ 50 ወይም 60 ዲግሪ ላይ ይቀራል። ኮምፒውተሩም «ገና አልሞቀም» ብሎ ተጨማሪ ነዳጅ ይረጫል፣ ሚኒሞውንም (እግር ከፔዳሉ ሲነሳ ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ዙር) ከፍ አድርጎ ይይዛል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነ ሞተሩ በበቂ እስኪሞቅ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር ያለ መንሸራተት የሚያስተሳስረውን ቁልፍ አይዘጋም። ዘይቱም ስለማይሞቅ በውስጡ የሚጠራቀመው እርጥበትና ያልተቃጠለ ቤንዚን አይተንም፤ ይህ ከነዳጁ ወጪ በላይ ሞተሩን ይበላዋል።

ቴርሞስታት መኖሩን ለማወቅ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነስቶ የራዲያተሩን የላይኛውን ጎማ ቱቦ ማየት ይበቃል። በሩ ካለ ቱቦው ለደቂቃዎች ቀዝቅዞ ይቆይና ድንገት ይሞቃል። ከሌለ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ በቀስ ለብ እያለ ይሄዳል። የሙቀት ጠቋሚው ከአሥር ደቂቃ ንዳት በኋላም ከተለመደው ቦታ በታች ከቀረ ምልክቱ ያው ነው።

መመለሱ በቅደም ተከተል ካልሆነ አደጋ አለው። መጀመሪያ ራዲያተሩ ከውጭ ከአቧራና ከነፍሳት ይጸዳ፣ ውስጡም ይታጠብ። ቀጥሎ ክዳኑ ይቀየር። ከዚያ ፋኑ በራሱ ሴንሰር ጊዜውን ጠብቆ መነሳቱ ይረጋገጥ። ቴርሞስታቱ የሚገባው በመጨረሻ ነው፤ አየር ማስወጫዋ ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ ሆና፣ ከአዲስ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ጋር፣ ግማሽ በግማሽ ከተቀላቀለ ኩላንት ጋር። አየሩ ካልወጣ ግን ጤነኛው ሞተርም ይሞቃል።

ቁልቁለት ላይ ማርሽ ማውጣት

ይህ ልማድ የመጣው ከካርቡራተር መኪኖች፣ ከላዳና ከቮልስ ዘመን ነው። በካርቡራተር ሞተር ላይ እግር ቢነሳም ቤንዚን መሳቡ ስለማይቆም ዙሩን ዝቅ ማድረግ ያተርፍ ነበር። መጀመሪያ የወጡት አንዳንድ ቪታራዎችም በካርቡራተር ይሠራሉ። ኢንጀክተር (በኮምፒውተር ትእዛዝ ነዳጅ የሚረጭ አፍ) ያላቸው ሞተሮች ግን የተለየ ጠባይ አላቸው። መኪናዋ በማርሽ ላይ እያለች እግር ከነዳጅ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ሲነሳና ዙሩ በደቂቃ ከ1,500 አካባቢ በላይ ሲሆን ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሮቹን ይዘጋል። ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው፣ ፍጆታውም ዜሮ ነው። ማርሽ ሲወጣ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ በሚኒሞ መሥራት አለበት፤ ባለ 2.0 ሊትር ሞተር በዚህ ሁኔታ በሰዓት 1 ሊትር አካባቢ ያቃጥላል።

የአባይ በረሃን እንውሰድ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት ወደ 20 ኪ.ሜ. ሲሆን ከፍታው በ1,400 ሜትር ገደማ ይወርዳል። 1,500 ኪሎ የምትመዝን መኪና በዜሮ ማርሽ ለግማሽ ሰዓት ብትወርድ ግማሽ ሊትር ያህል ታቃጥላለች፤ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ብትወርድ ምንም ያህል አታቃጥልም። በዚያ ላይ በዜሮ ማርሽ ከቁልቁለቱ የሚመጣውን ጉልበት የሚይዝ ሞተር ስለሌለ አብዛኛው ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ይህ ስድስት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ የሚበቃ ሙቀት ነው። የፍሬን ሸራው ይቃጠላል፣ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉ ባዶ ይገባል።

ተቃራኒውን ሐሳብ የሚያራምዱ ሰዎች የያዙት እውነት ግን አለ። ፍሬን በማያስፈልገው ለስላሳ ቁልቁለት ላይ በማርሽ ያለች መኪና በሞተሩ ስለምትያዝ ፍጥነቷ ይወርዳል፤ ነጂው መልሶ ነዳጅ መስጠት አለበት። ዜሮ ማርሽ ላይ ያለችው ግን ሩቅ ትንሸራተታለች። በጠባቡ የፊዚክስ ሂሳብ እዚህ ላይ ዜሮ ማርሽ ያተርፋል። ይሁንና ትርፉ ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው፤ የሚከፈልበት ድንገት ከአደጋ ለመውጣት የሚያስፈልገውን የሞተር ጉልበት ማጣት ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮን በፍጥነት ላይ ከዲ (ከመንጃው ማርሽ) ወደ ዜሮ ማመላለስም ካምቢዮውን ይጎዳል። ልውውጡ አይመጣጠንም።

አሮጌዎቹ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲኮች ላይ ሌላ ጉዳይ አለ። በአራተኛ ማርሽ ቁልቁለት ሲወርዱ የሞተሩ ዙር በጣም ስለሚወርድ የኢንጀክተሮቹ መዘጋት ቶሎ ያበቃል። ስለዚህ ለቁልቁለት የኦቨርድራይቭን (አራተኛውን ማርሽ የሚፈቅደውን) ቁልፍ ማጥፋት ትክክል ነው። ብዙ ሰው ግን አጥፍቶ ይረሳዋል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫው መብራት እየበራ አዳማ ድረስ የሚነዳ አለ። በሜዳ ላይ ያኔ አራተኛው ማርሽ ስለማይገባ ሞተሩ ያለ ጥቅም ይጮኻል።

ከከተማው መብራት በፊትም ነገሩ ያው ነው። መብራቱ ቀይ መሆኑ ከ200 ሜትር ርቀት ከታየ እግር ማንሳት፣ ማርሹን አለማውጣት። ከ50 ኪ.ሜ. ፍጥነት ሙሉ በሙሉ ቆሞ እንደገና ወደዚያው ፍጥነት መመለስ በግምት 17 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ይወስዳል፤ ስልሳ ጊዜ ከተደረገ አንድ ሊትር ነው። ሳይቆሙ በ20 ተጎትቶ ማለፍ ይህን ወጪ በእጅጉ ይቀንሰዋል። አነሳስ ላይ «ቀስ በል» የሚለው ምክር ግን ሲበዛ ልክ አይደለም። ከፍታው ከሞተሩ ጉልበት ሩብ ገደማውን ስለሚወስድ፣ አዲስ አበባ ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ እያንገጫገጩ መውጣት ሞተሩን ያስጨንቃል እንጂ አያተርፍም። ፔዳሉን እስከ ግማሽ ወይም ትንሽ በላይ ሰጥቶ በ2,500 ዙር አካባቢ ማርሽ መቀየር ይሻላል። ፔዳሉን እስከ ወለሉ መጫን ግን ኮምፒውተሩ ነዳጁን እንዲያበዛ ያዘዋል።

የሚዋሹ ሴንሰሮች

የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው የተበላሸ የኦክስጅን ሴንሰር ብቻውን ፍጆታን እስከ 40 በመቶ ሊያባብስ ይችላል። ይህ ሴንሰር ጭስ ማውጫው ላይ ተገጥሞ የተረጨው ነዳጅ መብዛቱን ወይም ማነሱን ለኮምፒውተሩ ይነግራል። ከእሱ ቀጥሎ በጣም የሚያስበላው የውሃ ሙቀት ሴንሰር ነው። ሽቦው ከተበጠሰ ወይም ቀዝቃዛ እያለ የሚያነብ ከሆነ ውጤቱ ቴርሞስታት ከማውጣት ጋር አንድ ነው።

ምርመራው ውድ መሣሪያ ላያስፈልገው ይችላል። ለአሜሪካ ገበያ ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩት መሪው ሥር ባለው ሶኬት በማንኛውም አንባቢ ይታያሉ። ለአውሮፓና ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የተሠሩት የመጀመሪያው ትውልድ ራቭ ፎሮች ግን ብዙዎቹ ኮፈኑ ሥር ባለች ክዳን ያላት ትንሽ ሳጥን የሚነበቡ ናቸው። በሳጥኗ ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ይገናኛሉ፤ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ይከፈታል፤ የ«ቼክ ኢንጅን» መብራት ብልጭታ ይቆጠራል። ሳያቋርጥ እኩል ቢብለጨለጭ የተመዘገበ ችግር የለም። ሁለት ብልጭታ፣ እረፍት፣ አንድ ብልጭታ 21 ማለት ሲሆን የኦክስጅን ሴንሰር ነው፤ 22 የውሃ ሙቀት ሴንሰር ነው፤ 31 ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካው ነው። ሽቦው ሌላ ቀዳዳ ከነካ ኮምፒውተር ሊያቃጥል ስለሚችል በክዳኑ ውስጥ ያለውን ሥዕል ሳያዩ መሞከር አይገባም። ለእርሳስ ቤንዚን ገበያ የተሠሩት አንዳንዶቹ ደግሞ ከመጀመሪያው የኦክስጅን ሴንሰር የላቸውም፤ «ጠፍቷል» ተብሎ የሚሸጥላቸው ዕቃ ገንዘብ ማባከን ነው።

ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰው ዕቃ) ላይ አጭር ነገር፤ የኤንጂኬና የዴንሶ ካንዴላ ቁጥር በ11 ካለቀ ክፍተቱ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው። ከሳጥኑ የወጣውን ሳይለኩ መግጠም የተለመደ ስሕተት ሲሆን፣ አስመስሎ የተሠራው ብዙ ጊዜ የሚታወቀውም እዚህ ላይ ነው።

ፍጥነት፣ ጎማና ፖርቶመጋላ

የመስክ መኪና ቁመቷ የሚያስከፍላት በፍጥነት ሲነዱ ነው። የአየር ግፊያው በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ በ120 ኪ.ሜ. ሲነዱ በ80 ከሚነዱት 2.25 እጥፍ ይሆናል። በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ 80 ኪ.ሜ. ያህሉን በ120 ፈንታ በ90 መንዳት 13 ደቂቃ ያስረዝማል፤ የሚቆጥበው በግምት 2 ሊትር ነው። ሊትሩ ከመቶ ብር በላይ በሆነበት ጊዜ 13 ደቂቃው ከሁለት መቶ ብር በላይ ያወጣል ማለት ነው። ባዶውን የሚዞር ፖርቶመጋላ ይህንኑ ግፊያ ስለሚጨምር ካልተጫነበት ቢወርድ ይመረጣል። ጭነቱ ራሱ ግን ብዙዎች የሚያስቡትን ያህል አይደለም፤ 45 ኪሎ ተጨማሪ ክብደት ፍጆታን በ1 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

የጎማ ነፋስም ከሚወራለት ያነሰ ነው። የአራቱም አማካይ በ1 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ሲቀንስ ጉዳቱ 0.2 በመቶ ያህል ነው፤ 8 ቢጎድል እንኳ ከ2 በመቶ አይበልጥም። ነፋሱን በነጂው በር ላይ በተለጠፈው ልክ፣ ጎማው ሳይሞቅ ማስሞላት የሚያዋጣው ይልቁንም ለጎማው ዕድሜና ለፍሬን ነው። ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ በምትጎትተው ራቭ ፎር ላይ ግን አራቱም ጎማዎች አንድ ልክና ተቀራራቢ ጥርስ ሊኖራቸው ይገባል፤ ካልሆነ የፊትና የኋላውን የሚያገናኘው ክፍል ሳያቋርጥ እየተንሸራተተ ይሞቃል። ቪታራ ላይ ደግሞ የአራት ጎማ ማንሻውን ደረቅ አስፋልት ላይ አስገብቶ መንዳት ቤንዚንም ጊርም ይበላል።

የሚይዝ ፍሬን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አሥር ኪ.ሜ. ፍሬን ሳያበዙ ነድቶ አራቱን ቸርኬዎች በእጅ ጀርባ ማስጠጋት ነው። አንዱ ከሌሎቹ ጎልቶ ከሞቀ ካሊፐሩ ወይም የእጅ ፍሬኑ አልለቀቀም፤ የኩሽኔታ ጉዳይም ሊሆን ይችላል።

ስማቸው የገነነ ትንንሾች

የአየር ፊልትሮ ክርክር በ2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተፈትሿል። ኢንጀክተር ባላቸው መኪኖች ላይ የተዘጋ ፊልትሮ የመፈናጠር ጉልበትን ይቀንሳል እንጂ ፍጆታን እምብዛም አይለውጥም፤ ኮምፒውተሩ በገባው አየር ልክ ነዳጁን ስለሚቀንስ ነው። በካርቡራተር ላይ ግን ይጨምራል። ፊልትሮ መቀየር ለአቧራችን ግድ ነው፤ ምክንያቱ ግን የፒስተንና የፋሻ (የፒስተኑ ዙሪያ ቀለበት) ዕድሜ ነው።

በጠዋት መቅዳት የሚባለው ቤንዚን በ10 ዲግሪ ልዩነት 1 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ ነው። የማደያ ጋን ግን መሬት ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ ሙቀቱ ከጠዋት እስከ ማታ ብዙም አይለወጥም። ጠዋት ቆሞ ሞተር ማሞቅም ከአንድ ደቂቃ ማለፍ የለበትም፤ ከዚያ በኋላ ለስላሳ ንዳት ራሱ ቶሎ ያሞቀዋል። ዘይት ላይ፣ መመሪያው 10ደብሊው-30 የሚለውን ሞተር በ20ደብሊው-50 መሙላት ጥቂት ያስበላል፤ ዘይት የሚያጨስ ያረጀ ሞተር ከሆነ ግን ወፍራሙን የሚመርጡት መካኒኮች አልተሳሳቱም።

«ሞተሩ አልቋል» ከመባሉ በፊት

ይህ ሁሉ ታይቶ ፍጆታው ካልወረደ መካኒኩ የሲሊንደር ግፊት ይለካና አብዛኛውን ጊዜ ሞተር ማውረድን ያዛል። ያኔ ከፍታው እንደገና መታሰብ አለበት። የመመሪያ መጽሐፎች ቁጥር ለባሕር ወለል ነው። መጽሐፉ ለጤነኛ ሞተር 178 ፒኤስአይ፣ ለዝቅተኛው 142 ቢል፣ አዲስ አበባ ላይ ያለው አየር በባሕር ወለል ካለው 77 በመቶ ያህል ብቻ ስለሚገፋ ያው ጤነኛ ሞተር 137 አካባቢ ያነባል። ማለትም አዲስ ሞተር እንኳ ከመጽሐፉ ዝቅተኛ በታች ይወድቃል። ዝቅተኛው ራሱ እዚህ 109 ገደማ ነው።

ስለዚህ ከፍጹም ቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ይታይ። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላዎች ወጥተው፣ የነዳጅና የእሳት መስመሩ ተነቅሎ፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተጭኖ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ይለካል። አራቱ በ14 ፒኤስአይ ውስጥ ከተቀራረቡና ከ109 በላይ ከሆኑ ሞተሩን የሚያስወርድ ምክንያት የለም። አንዱ ጎልቶ ከወረደ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ ዳግም መለካት ነው። ቁጥሩ ከወጣ ፋሻው ነው፤ ካልወጣ ችግሩ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ስለሆነ ቴስታታውን ብቻ ማውረድ ሊበቃ ይችላል።